ዘር የሌለው ዘቢብ

ትናንት ከሰዓት በኋላ ለጎረቤታችን ለቅሶ ንፍሮ የሚሆን ስንዴ እየለቀምሁ ነበር። ክረምቱ ሊገባ ሲል ገዳሪፍ እንዴት እንደምታደርግ የኖረባት ያውቃል፤ ዝናቡ አይመጣ፣ ሙቀቱ አይሄድ፣ ሰው ከሰው ጋራ መነጋገር እንኳ ያስጠላዋል። በሩን ከፍቼ ሰፌዱን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። የልጅ ልጄ ናሆም አልጋ ላይ ተጋድሞ ስልኩን ያያል። ከስልኩ ውስጥ ሁለት ሰባኪዎች ይጯጯሃሉ። የተጣሉት በቁርባን ማንኪያ ነው። አንደኛው በሽታ በበዛበት ዘመንም ቢሆን ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ማንኪያ ይቀበላል ይላል፤ ሌላው በየሰዉ መካከል መጠረግ አለበት ይላል። ትንሽ ቆይተው ማንኪያውን ተዉትና አንዱ የሌላውን መምህር ማን እንደሆነ መዘርዘር ጀመሩ።

“ሐቦባ፣” አለኝ ናሆም። ሱዳን ያደጉ ልጆች አያታቸውን እንዲህ ነው የሚጠሩ። “ከሁለቱ ማንኛው ነው ልክ?”

“የራባቸው ይመስላሉ?” አልሁት።

ስልኩን አስጠግቶ አያቸው። “ወላሂ፣ ሁለቱም የጠገቡ ናቸው።”

“እንግዲያውስ ገና ብዙ ይከራከራሉ።”

ሳቀ። ነገሩ ግን አልገባውም፤ ከየት ይገባዋል። እኔ ለቀማዬን ቀጠልሁ፤ እጄ ስንዴው ላይ ነው፣ ልቤ ግን ወደዚያ ካምፕ ሄዷል።

የሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ነው። ከበለሳ ተነስተን፣ በመተማ አድርገን፣ ወደ ዶካ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ካለ ካምፕ ገባን። እኔ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበርሁ። ስሜ ማንጠግቦሽ ነው። በዚያ ዓመት ይህን ስም ይዞ መዞር ምን ማለት እንደሆነ አስቡት፤ ራሽን የሚያድለው ሰውዬ “ማንጠግቦሽ አለማው” ብሎ በተጣራ ቁጥር ያ ሁሉ የተራበ ሰልፈኛ ይስቃል። እኔም ውዬ አድሬ አብሬ መሳቅ ለመድሁ። ምን ይደረግ።

አባቴ አለማው ይባላል፣ እናቴ ጥሩነሽ። የተጋቡት እንደ አብዛኛው ባላገር በሰማንያ ነው። ሰማንያ በሽማግሌ ፊት ይታሰራል፣ የተጣሉ ለት በሽማግሌ ፊት ይፈታል። ባልና ሚስት አንድ ላይ ሥጋ ወደሙ ሲቀበሉ ግን ትዳሩ የቁርባን ይሆናል፤ ያን ሰው አይፈታውም፣ እናቴ እንደምታምነው ደግሞ ሞትም አይፈታውም። ብዙ ሰው ወደዚህ የሚመጣው ሸምግሎ፣ የሥጋ ነገር ሲበርድለት ነው። እኛ አገር የቆረቡ ሽማግሌና አሮጊት ጎን ለጎን ሆነው ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ሰው ቆሞ መንገድ ይለቅላቸዋል። እናቴ ያን ትመኝ ነበር።

መንገድ ላይ አባዬ አንድ የደረቀ ወንዝ ውስጥ ወድቆ አልነሳ ሲል፣ እናቴ አሸዋው ላይ ተንበርክካ ተሳለች፤ “ከዚህ በሕይወት አውጣንና ከአለማው ጋራ እቆርብልሃለሁ።” አባዬ ዐይኑን ሳይገልጥ፣ “እህል በነበረን ጊዜ ሳታስሪኝ፣ አሁን ስንራብ ነው የምታስሪኝ?” አላት። ቀልደኛ ነበር። ከዚያ ተነሳ። ካምፑ እስክንደርስ ድረስ በገዛ እግሩ ሄደ፤ የያዘው ሳል ግን ከዚያ ወንዝ ጀምሮ አልለቀቀውም።

ስለዚህ ካምፑ ስንገባ የእናቴ ሐሳብ አንድ ነበር። አባዬ ሳይሞትባት፣ ሁለቱ አብረው እንዲቆርቡ። ሌላ ምንም አልፈለገችም። ብርድ ልብስ ሲታደል እንኳ ሰልፉን ትታ ስለ ቅዳሴ ትጠይቅ ነበር።

ለቅዳሴ የሚያስፈልገው ነገር ከሞላ ጎደል ነበረን። ቄሱም ዲያቆኑም ተደምሮ ሰባት ካህን አለ፤ ቅዳሴ የሚፈልገው ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ነው፣ አምስት። ታቦትም አለን። የእናቴና የአባቴ የንስሐ አባት ቄስ ይትባረክ የደብራችንን ታቦት ጠቅልሎ፣ መንገዱን ሙሉ በራሱ ላይ ተሸክሞ አመጣው። ሌላው ሰው የወለደውን መሸከም ሲያቅተው፣ እሱ ታቦቱን መሬት አላስነካም። ለዚህ ዛሬም አመሰግነዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ላለው ግን ምስጋና የለኝም። ካህንን አንቱ ማለት ነበረብኝ፣ አውቃለሁ። አንደበቴ እምቢ ይለኛል።

ቤተ ክርስቲያኑ ከማሽላ አገዳ የተሠራ፣ እዚህ አገር ራኩባ የሚሉት ዳስ ነበር፤ ከእኛ መጠለያ የሚለየው መጋረጃ ስለተጋረደበት ነው። ጸሎት ይደረስበታል። ቅዳሴ ግን አልነበረም፤ ለኅብስቱ ስንዴ፣ ለወይኑ ዘቢብ ጠፍቶ። የሚታደለን ማሽላ ብቻ ነበር።

የገና በዓል ሊደርስ ሲል የእርዳታ ሎሪዎች ስንዴ ይዘው መጡ። እናቴ ከድርሻችን ላይ፣ ከአፋችን ቀንሳ፣ ሁለት እፍኝ የሚሆን ለየች። ከዚያ ለቀማ ገባች። ጠጠር ብቻ አይደለም የምትለቅመው፤ የቀጨጨውን፣ የጠቆረውን፣ ነቀዝ የነካውን። ካምፑ ውስጥ ውኃ በሰልፍ ነው የሚገኝ፤ እሷ ስንዴ አጠበች። የነጠላዋን ጫፍ ቀድዳ ቋጠረችውና አይጥ እንዳይደርስበት የራኩባችን ምሰሶ ላይ ሰቀለችው። አባዬ ተኝቶ ሽቅብ ወደ ቋጠሮው እያየ፣ “ባልሽንም እንዲህ ለቅመሽ ብታገቢ ኖሮ ከእኔ እጅ አትወድቂም ነበር፣” ይላታል።

ቋጠሮውን ይዛ ወደ ካህናቱ ስትሄድ አብሬያት ነበርሁ። ሰባቱም ራኩባው ጥላ ውስጥ ተቀምጠዋል። ቄስ ይትባረክ አየውና ደስ አለው። እንግዲህ ይኸን ጊዜ ነው መሪጌታ ልሳነወርቅ ጉሮሮውን የጠረገው። መሪጌታው ረጅም ሰው ነበር፤ ድምፁ ያማረ፣ ቅኔው የተመሰገነ። ካምፑ ውስጥ ከመጣ ጀምሮ ቅኔውን የሚሰማለት ሰው ስላጣ ሳይከፋው አልቀረም። ጠላቱ ረኀብ አልነበረም፤ ዝምታ ነበር።

“ይህ ስንዴ የማን እጅ እንደዘራው እናውቃለን?” አለ። “ጆንያው ላይ ያለውን ፊደል ያነበበ አለ?”

“ጆንያውን አንቀድሰውም፣ የኔታ፣” አለ ቄስ ይትባረክ። “የምንቀድሰው ስንዴውን ነው።”

“መናፍቅ የሰፈረው፣ ሎሪ ላይ ሰው የተኛበት፣ የተረገጠ ስንዴ ነው። መሥዋዕት ነው የምናቀርበው፣ ወይስ ራሽን?”

“አጥቤዋለሁ፣ የኔታ፣” አለች እናቴ።

“አንቺ ቆዪ፣ ይህ የሊቃውንት ነገር ነው።”

የሊቃውንቱ ነገር ከገና አልፎ ወደ ጥምቀት ተንከባለለ። በየማለዳው ይሰበሰባሉ፣ ፀሐይ ሲከር ይበተናሉ። አንዱ ከፍትሐ ነገሥት ይጠቅሳል፣ ሌላው በቃሉ ያውቀዋል፤ መጽሐፉ የለም፣ በለሳ ቀርቷል፣ ስለዚህ ማንም የፈለገውን ቢጠቅስ የሚያርመው የለም። ያን ጊዜ ካምፑን ኩፍኝ ገብቶበት ነበር። ሕፃናት ይሞታሉ። ካህናቱ ተነስተው ይቀብራሉ፣ ተመልሰው ከተቀመጡበት ቦታ ይቀመጣሉ፣ ካቆሙበት ቃል ይቀጥላሉ። እንዴት ያለ ልብ ቢሰጣቸው ነው እያልሁ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። በኋላ መሪጌታው በአንድ ነገር ለቀቀ፤ የተሰበረ ፍሬ ካልገባበት ይሁን አለ። እናቴ ቋጠሮዋን ፈታች። የተሰነጠቀውን ሁሉ አንድ በአንድ አወጣች። ሁለት እፍኝ የነበረው አንድ እፍኝ ተኩል ሆነ። የወጣውን ግማሽ ፍሬ ለእኛ ቀቀለችልን፤ አባዬ፣ “ተመስገን፣ መሪጌታ ልሳነወርቅ ምሳ ጋበዘን፣” አለ።

ቀረ ዘቢቡ። ዘቢቡን እኔ አመጣሁት። የማሽላ ቆረጣ ጊዜ ስለነበር ከካምፑ ሴቶች ጋራ ሎሪ ላይ ተጭኜ ወደ ዶካ ሄድሁ። መዳፌ በአገዳው ተልጦ፣ ጥቁሩ አፈር ተረከዜን ሰንጥቆት፣ በሠራሁበት ከዶካ ገበያ ዘቢብ ገዛሁ። ወርቃማ፣ ለስላሳ፣ እንደ ማር የሚሸት። ሎሪው ላይ ስመለስ አቧራ እንዳይነካው ደረቴ ውስጥ ደበቅሁት። አንድ ፍሬ አልቀመስሁም። የቆረጣው ረኀብ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ይመስክርልኝ። ለእናቴ ስሰጣት ግንባሬን ስማ ስማ አልጠግብ አለች፣ “ልጄ፣ ዳርሽን፣” አለችኝ። ኋላ እኔን ዳረችኝ እንጂ እሷማ ልትዳር አልቻለችም።

ካህናቱ ፊት ቀረበ። ቄስ ይትባረክ፣ “ይኸው አለቀ፣ የፊታችን እሑድ እንቀድሳለን፣” አለ። መሪጌታው አንድ ፍሬ አነሳ። በአውራ ጣቱ ጥፍር ሰነጠቀው። አገላብጦ አየው። ሌላ አነሳ፣ እሱንም ሰነጠቀው።

“ዘሩ የታለ?” አለ።

ቀረብ ብለን አየን። እውነትም ዘር አልነበረውም፤ እዚህ አገር ገበያ የሚሸጠው ዘቢብ እንዲያ ነው።

“ዘር የሌለው ፍሬ መካን ነው። መካን ነገር ለመሥዋዕት አይቀርብም። አገራችን ዘቢቡ ባለ ዘር ነው።”

“የኔታ፣” አለ ቄስ ይትባረክ፣ “ወይኑ ከጭማቂው ነው የሚወጣ፣ ከዘሩ አይደለም። እንዲህ የሚል ሥርዓት የት ተጽፏል?”

“ያልተማረ ሰው የት ተጽፏል ይላል።”

“እኔን ነው ያልተማረ የሚሉኝ?”

“አንተን ማን እንደቀሰሰህስ መች ጠየቅን?”

አለቀ። በዘቢብ የተጀመረው በክህነት ገባ። ከዚያ ወዲያ ስለ ዘቢቡ የሚያነሳም አልነበረ፤ ማን ማንን ሰደበ፣ ማን ለማን ይቅርታ ይበል ሆነ ነገሩ። ሰባቱ ካህናት ለሁለት ተከፈሉ። መሪጌታው ራሱን ጨምሮ አራት ሆኑ፣ ቄሱ ሦስት። ቅዳሴ አምስት ይፈልጋል። ሒሳቡን አንድ ጨቅላ ልጅ ይሠራዋል፤ እነሱ ግን እያንዳንዳቸው አሸነፍን ብለው ገቡ።

እናቴ ከአንዱ ራኩባ ወደ ሌላው ትመላለስ ጀመር። እኔም እከተላታለሁ፤ እግሯ እያበጠ ስለነበር ትወድቅብኛለች ብዬ። የመሪጌታው ደጅ ላይ ቆማ፣ “የኔታ፣ ባሌ እየደከመ ነው። ለአንድ ቀን ታረቁልኝ፣ ከዚያ ብትሹ ተጣሉ፣” አለችው።

“ቄሱ መጥቶ እግሬ ላይ ይውደቅ። እኔ ምን ገዶኝ።”

ቄስ ይትባረክ ዘንድ ሄድን። “አባ፣ የንስሐ ልጅዎ ነው። አለማውን አይተውታል።”

ፊቱን አዞረ። እውነት ለመናገር ዐይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። ግን እንባ ምን ያደርጋል። “ጥሩነሽ፣ ነገሩ የእኔ ቢሆን በተውሁት። ክህነቴን ነው የደፈረው። ክህነቴን አቅልዬ በየት በኩል መቅደስ ልግባ?” አላት።

“በበሩ፣ አባ፣” አለች እናቴ። “ሌላ መግቢያ የለውም።”

እናቴ ከካህን ጋራ እንዲህ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። አባዬን ወደ ገዳሪፍ ወስደን እዚያ ካለው ቤተ ክርስቲያን ለማቁረብም ሞክረን ነበር፤ ከካምፕ መውጫ ፈቃድ ሲጠየቅ፣ ሎሪ ሲለመን፣ እሱ ተደግፎ መቀመጥም አቃተው። በሎሪ ቢጫን መንገድ ላይ እንደሚቀር ለሁላችንም ታየን። ተውነው።

ዐቢይ ጾም ገባ። ሙቀቱ መሬቱን አቃጠለው፣ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው አቧራ ሰውን ከሰው አያሳይም። አንድ ጧት እናቴ የአባዬን ከንፈር በእርጥብ ጨርቅ እያራሰች ነው። ዐይኑን ወደ ምሰሶው አነሳ። ስንዴውና ዘቢቡ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል።

“ጥሩ፣” አላት፣ “ከዚያች ዘቢብ አንዲት ስጪኝማ። አፌ መረረኝ።”

እናቴ እጇ ቆመ። ወደ ቋጠሮው አየች፣ ወደ እሱ አየች። “ለሥጋ ወደሙ የተለየ ነው፣ አለማው። ትንሽ ታገሥ። ይታረቃሉ።”

“ይታረቃሉ፣” አለ እሱም። ፈገግ አለ። “የታረቁ ለት ለእኔም አንድ አስቀሪልኝ።”

በዚያው ሳምንት ሞተ። ሳይቆርብ፣ ዘቢቧንም ሳይቀምስ።

ሲቀበር ሰባቱም መጡ። ለፍትሐት አብረው መቆም ያዋጣቸዋል፤ መሪጌታው በዚያ ባማረ ድምፁ ሲያዜም ሰው ሁሉ አለቀሰ፣ እኔም አለቀስሁ፣ አልዋሽም። እናቴ ግን አላለቀሰችም። ከመቃብር ስትመለስ ቀጥ ብላ ወደ ምሰሶው ሄደች። የስንዴውን ቋጠሮ አወረደች። ፈታችው። ድስት ውስጥ ጨምራ ውኃ አደረገችበትና እሳት ላይ ጣደችው።

“እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?” አልሁ።

“ለቅሶ አይደለም እንዴ?” አለችኝ። “ለቅሶ ያለ ንፍሮ ይሆናል?”

ያ ስንዴ አንድ እፍኝ ተኩል ነው፤ የራሽኑን ማሽላ ጨምራ አበዛችው። ካህናቱ በአንድ ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል። ከጥር ወዲህ ባንድ ሰሌን ሲቀመጡ ያኔ ነው ያየኋቸው። ለቅዳሴ አምስት መሆን ያቃታቸው ሰዎች ለንፍሮ ሰባት ሆኑ። ከንፍሮው ስንዴ ስንዴውን እየመረጠች እነሱ ፊት አቀረበችላቸው። ዘገኑ። ስንዴው ከየት መጣ፣ ማን ዘራው፣ ጆንያው ላይ ምን ተጽፏል፣ አንድም ሰው አልጠየቀ። ቄስ ይትባረክ አንድ ጊዜ ዘግኖ እጁ ላይ እንደያዘ ቀረ፤ አወቀው መሰለኝ። መሪጌታው ግን ያኝካል።

“ጥሩ ተለቅሟል፣” አለ። “ጥርስ የሚሰብር ጠጠር እንኳ የለው።”

“አዎ፣ የኔታ፣” አለች እናቴ። “ለሌላ ነገር ነበር የለቀምሁት።”

ማኘኩን አላቆመም። እናቴም ሌላ አልጨመረች፤ እኔ አፌን ልከፍት ስል እጄን ያዘችኝ። ኋላ ዘቢቡን ይዛ ወጥታ ከኩፍኝ ለተረፉ የሰፈሩ ልጆች አደለችው። ለእኔም አንድ ሰጠችኝ። አልበላሁትም፤ ወደ መቃብሩ ሄጄ አፈሩ ላይ አስቀመጥሁት። ጉንዳን እንደወሰደው አውቃለሁ።

የክረምቱ ዝናብ ሲያበቃ ካህናቱ ታረቁ፤ ቅዳሴም ተቀደሰ። ከእናንተ ምን እደብቃለሁ፣ ዘቢቡ ያው ከዶካ ገበያ የመጣው ዘር የለሹ ነበር። ማንም አልሰነጠቀውም። ሰው ሁሉ ተደስቶ እልል አለ። እናቴ ውጭ ቆማ ቅዳሴውን እስከ መጨረሻው ሰማች፤ መጋረጃው ሲከፈት ግን ጀርባዋን ሰጥታ ወደ ቤቷ ሄደች። ከዚያ በኋላ ገዳሪፍ ገብተን ብዙ ዘመን ኖረች። አረጀች። የመጣው ቄስ ሁሉ “ለምን አትቆርቢም፣ እማማ?” ይላታል። “ቀጠሮዬ ከአለማው ጋራ ነው፣” ትላቸዋለች። እንዲያው እንዳለች አረፈች። መጽሐፍ የሚያውቅ ሰው ተሳስታለች ይለኝ ይሆናል። ይበል። የሚያውቁትንማ አይቻቸዋለሁ።

በሥጋ ወደሙ እንዳልቀልድ እናቴ አሳድጋኛለች፤ ምሥጢሩን ከእሷ በላይ የፈራና የናፈቀ ካህን አላየሁም። የምንቀው ምሥጢሩን አይደለም። በሩ ላይ ቆመው ቁልፉ የማን ነው እያሉ የሚጣሉትን ነው። እነሱን ግን በሙሉ ልቤ ንቄ ነው የምሞተው።

ስንዴው ተለቅሞ አለቀ። ናሆም ስልኩን ዘጋ፤ ሰባኪዎቹ አልታረቁም መሰለኝ። ከአልጋው ተነሳና ጠረጴዛው ላይ ወዳለችው ሳህን ሄደ። ቤቴ ዘቢብ ጠፍቶ አያውቅም፤ ባይበላም አለ፣ ሲደርቅ በሌላ እቀይረዋለሁ።

“ሐቦባ፣ አንድ ልውሰድ?” አለኝ።

“በዚህ ቤት ዘቢብ አይጠየቅም፣ ልጄ፣” አልሁት። “ዝገንና ብላ።”